ምዕራፍ 6፦ የይለፍ ቃሉ ልክ ነው፤ ገጹ ግን ተመልሶ ይመጣል

ስሙን ትጽፋላችሁ፤ የይለፍ ቃሉን ትጽፋላችሁ፤ «ግባ» የሚለውን ትጫናላችሁ። ገጹ ብልጭ ይልና ያው የመግቢያ ቅጽ ባዶውን ተመልሶ ይመጣል። ተሳስታችኋል የሚል ቀይ ጽሑፍ የለም። እንኳን ደህና መጣችሁ የሚልም የለም። ደግማችሁ ትሞክራላችሁ፤ ያው ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ጀማሪ የይለፍ ቃሉን መቀያየር ይጀምራል። ሲከፋ ዳታቤዙን ያጠፋል፤ ሲብስ ፕሮጀክቱን ከነፎልደሩ ሰርዞ እንደ አዲስ ያወርደዋል። አንዱም አይፈይድም። የይለፍ ቃሉ መጀመሪያውኑ ልክ ነበር፤ ሰርቨሩም ተቀብሎታል። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ሎግ ኢን ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው የይለፍ ቃሉን ነው። ሥራው የሚበዛው ግን ማስታወሱ ላይ ነው። አንዴ ከገባችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ጠቅታ «ቅድም የገባው ሰው ይኸው ነው» ብሎ የሚያውቅ ነገር ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ ያለ ድረ ገጽ ስንጠቀም ይህ ሥራ አይታየንም፤ ግማሹ ሌላ አገር ባለ ማሽን ውስጥ ነው የሚከናወነው። ፕሮጀክቱን በራሳችን ላፕቶፕ ላይ ስናስኬደው ግን ጠያቂው ብራውዘርም፣ መላሹ ሰርቨርም፣ መዝገቡ ዳታቤዝም እፊታችን ናቸው። አንዱን በአንድ መስኮት፣ ሌላውን በሌላ መስኮት ከፍቶ ማየት ይቻላል።

ለምሳሌ የምንይዘው ጃንጎን ነው። በፓይተን የተጻፈ የድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ ሲሆን የተጀመረው በካንሳስ ግዛት፣ ሎረንስ በምትባል ከተማ፣ ሎረንስ ጆርናል ወርልድ በተባለ ጋዜጣ ቢሮ ውስጥ ነው። አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን ለጋዜጣው ድረ ገጽ ብለው የጀመሩት ኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ክፍት ሆነ፤ ስሙን ያገኘው ከጃዝ ጊታሪስቱ ጃንጎ ራይንሃርት ነው። ከጋዜጣ ቤት መውጣቱ በአንድ ነገር ያስታውቃል፤ ኮድ የማያውቅ ጋዜጠኛ ገብቶ ዜና የሚለጥፍበት ዓይነት የአስተዳዳሪ ገጽ ከነመግቢያ ቅጹ አብሮት ይመጣል። አንዲት መስመር ኮድ ሳንጽፍ ሎግ ኢንን ማጥናት የምንችለው በዚህ ምክንያት ነው። በላራቬል፣ በሬይልስ ወይም በኤክስፕረስ የምትሠሩም ብትሆኑ ስሞቹ ይለያዩ እንጂ ሂደቱ ያው ነው።

ማስነሳት

የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማን የትኛውን መጽሐፍ እንደተዋሰ የሚመዘግብበት ፕሮጀክት አለን እንበል። ተርሚናል ከፍተን «ራንሰርቨር» የሚለውን ትእዛዝ ስንሰጠው ጥቂት መስመሮች ይጽፍና 127.0.0.1:8000 የሚል አድራሻ አሳይቶ ዝም ይላል። ዝም ያለው ጥያቄ እየጠበቀ ስለሆነ ነው። ያንን ተርሚናል የዘጋ ሰው ሰርቨሩንም ዘጋው። «ቅድም ይሠራ ነበር፣ አሁን አልከፈት አለ» ከሚሉት አቤቱታዎች ብዙዎቹ መፍትሔያቸው ይኸው ነው።

127.0.0.1 ማንኛውም ኮምፒውተር ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው። ሎካልሆስት የሚለው ስምም የሚያመለክተው ወደዚሁ ነው። በ127 የሚጀምሩት ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ተለይተው የተቀመጡ ናቸው፤ በተግባር ሁሉም ሰው የሚጠቀመው ግን በአንዷ ነው። ወደዚህ አድራሻ የተላከ መልእክት ከማሽኑ አይወጣም። ዋይፋዩንም ራውተሩንም ሳይነካ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። በዚህ የተነሳ ኔት ሳይኖርም ይሠራል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል በቆየበት ጊዜም ላፕቶፕ ላይ የሚነሳ ፕሮጀክት ከመነሳት የሚያግደው ነገር አልነበረም። ገጹ አምሮ መከፈቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፊደል ቅርጹንና የገጽ ማስጌጫ ፋይሎቹን ከውጭ ሰርቨር የሚጠራ ፕሮጀክት ኔት ሲጠፋ ልብሱ እንደተገፈፈ ሆኖ ይመጣል፤ «በጉግል ግባ» የሚለው ቁልፍም ጨርሶ አይሠራም። ኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚሠራ ሰው እነዚህን ፋይሎች አንዴ አውርዶ ፕሮጀክቱ ውስጥ ቢያስቀምጣቸው ብዙ ይገላገላል።

ከአድራሻው በስተመጨረሻ ያለው 8000 የፖርት ቁጥር ነው። አንድ ማሽን ላይ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ጥያቄ ስለሚጠብቁ መልእክቱ የየትኛው እንደሆነ የሚለየው በዚህ ቁጥር ሲሆን እስከ 65535 ይደርሳል። ለሕዝብ የተከፈቱ ድረ ገጾች 80ን ወይም 443ን ስለሚጠቀሙ ብራውዘሩ ሳይነገረው ያውቀዋል። ሎካል ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱ ልማድ አለው፤ ጃንጎ 8000፣ ሬይልስ 3000፣ ፍላስክ 5000፣ አንጉላር 4200፣ ቪት 5173። ፍላስክ ተጠቃሚዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ሞንተሬይ የተባለው የማክ ስሪት ሲወጣ ሳይታሰብ ተቸገሩ፤ አፕል ያንኑ 5000ን ለኤርፕሌይ መቀበያ ሰጥቶት ነበርና። ፖርቱ ተይዟል የሚል ስህተት ከመጣ ወይ የያዘውን መዝጋት ነው፣ ወይ ሌላ ቁጥር መስጠት። ብዙ ጊዜ የያዘው ትናንት ሳይዘጋ ያደረው የራሳችን ሰርቨር ሆኖ ይገኛል።

ተርሚናሉ ከአድራሻው በላይ የጻፋትን ማስጠንቀቂያ አብዛኛው ሰው ዘሏት ያልፋል። አዲስ ፕሮጀክት ከሆነ ገና ያልተፈጸሙ 18 ማይግሬሽኖች አሉ ትላለች። ማይግሬሽን ማለት በዳታቤዙ ውስጥ ሠንጠረዥ እንዲፈጠር ወይም እንዲለወጥ የሚያዝ ፋይል ነው። አሳሳቹ ነገር፣ ይህን ያልፈጸመ ሰው ወደ አስተዳዳሪው ገጽ ሲሄድ የመግቢያ ቅጹ ምንም እንዳልጎደለው ሆኖ ይከፈትለታል። ቅጹን ለማሳየት ዳታቤዝ አያስፈልግም። ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሞልቶ ሲልክ ግን ጃንጎ ተጠቃሚዎቹን ሊፈልግ ይሄዳል፤ ያኔ የተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ የለም የሚል ረጅም ቢጫ የስህተት ገጽ ይዘረገፋል። «ማይግሬት» የሚል አንድ ትእዛዝ ይበቃዋል።

ማን ተመዝግቧል?

ሠንጠረዡ አሁን አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ሥራ በጀመሩ ሰሞን ሰዎችን ግራ ከሚያጋቡ ነገሮች ይህ ግንባር ቀደሙ ነው። አንዲት አዲስ ተቀጣሪ የድርጅቱን ኮድ ላፕቶፗ ላይ ታወርድና ታስነሳዋለች፤ በዋናው ድረ ገጽ ላይ የምትገባበትን ስምና የይለፍ ቃል ትጽፋለች፤ አይቀበላትም። «እኔ እኮ በስልኬ አሁንም በዚሁ ነው የምገባው!» ትላለች። እውነቷን ነው። ያወረደችው ግን ኮዱን እንጂ መዝገቡን አይደለም። ዋናው ድረ ገጽ የራሱ ዳታቤዝ አለው፤ ላፕቶፗም የራሱ አለው። የላፕቶፗ፣ ጃንጎ ሲነሳ እንደሚያደርገው በኤስኪውላይት ከሆነ፣ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ፋይል ነው። እዚያ ፋይል ውስጥ እሷን የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሰው በእጅ እንመዘግባለን። ትእዛዙ «ክሪኤትሱፐርዩዘር» ይባላል፤ ስም ይጠይቃል፣ ኢሜይል ይጠይቃል፣ የይለፍ ቃል ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉን ስትጽፉ ተርሚናሉ ላይ ፊደሉ ቀርቶ ኮከብ ምልክት እንኳ አይታይም። ኪቦርዱ የተበላሸ መስሏቸው ተርሚናሉን የሚዘጉ አሉ። አልተበላሸም፤ ጽፋችሁ ኢንተር በሉት። ከ8 ፊደል ያነሰ፣ ቁጥር ብቻ የሆነ ወይም በብዛት ከሚታወቁት ዝርዝር ውስጥ ያለ ከሆነ ጃንጎ ይከራከራችኋል፤ ይህን ላልፈው ወይ ብሎም ይጠይቃል። ላፕቶፕ ላይ ለሚቀር ሙከራ እሺ ማለት ነውር የለበትም፤ ያው ዳታቤዝ ነገ ወደ ዋናው ሰርቨር እንደማይሄድ እርግጠኛ ከሆናችሁ።

አሁን ዳታቤዙን ከፍታችሁ የይለፍ ቃል የሚለውን አምድ ተመልከቱ። የጻፋችሁትን አታገኙትም። በዶላር ምልክት የተከፋፈለ ረጅም ሐረግ ነው የምታገኙት። መጀመሪያ የስሌቱ ስም፣ ቀጥሎ ስሌቱ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ፣ ቀጥሎ «ሶልት» የሚባል በዕጣ የወጣ ተጨማሪ ጽሑፍ፣ መጨረሻ ላይ ውጤቱ። ድግግሞሹን ልብ በሉት። በጃንጎ 4.2 ላይ 600,000 ነበር፤ በ5.2 ደግሞ 1,000,000 ደርሷል። ቁጥሩ በየስሪቱ የሚያድገው ኮምፒውተሮች እየፈጠኑ ስለሚሄዱ ነው፤ ለአንድ ትክክለኛ ተጠቃሚ የሰከንድ ቁራጭ የሚወስደው ስሌት፣ የተሰረቀ ዳታቤዝ ይዞ በሚሊዮን የሚቆጠር ግምት ለሚሞክር ሰው ግን ዓመታት እንዲሆንበት ነው።

አንድ የተለመደ ወጥመድ ከዚሁ ይመነጫል። ዳታቤዙን ከፍቶ በዚያ አምድ ላይ የይለፍ ቃሉን እንዳለ በእጁ የሚጽፍ ሰው፣ ወይም በኮድ ተጠቃሚ ሲፈጥር «ክሪኤት ዩዘር» የሚለውን ትቶ ተራውን «ክሪኤት» የሚጠቀም ሰው፣ ተመዝግቦ የማይገባ ተጠቃሚ ይፈጥራል። ስሙ አለ፤ የይለፍ ቃሉም በዓይን ሲታይ አለ። ጃንጎ ግን የተሰላ ሐረግ ሲጠብቅ ተራ ቃል ስለሚያገኝ አይቀበለውም። መፍትሔው «ቼንጅፓስዋርድ» የሚለው ትእዛዝ ነው። የሥራ ባልደረባችሁ ዳታቤዙን በፍላሽ ገልብጦ ከሰጣችሁና የይለፍ ቃሎቹን ካልነገራችሁም የሚያወጣችሁ ይኸው ነው። የድሮውን ማንበብ ለእናንተም ለማንም አይቻልም፤ በአዲስ መተካት ብቻ ነው።

ተርሚናሉን ማንበብ

ኤችቲቲፒ፣ ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ቲም በርነርስ ሊ በሰርን ሲቀርጸው የሚያስታውስ ሆኖ አልተሠራም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ከዚያ በኋላ አይተዋወቁም። ሰነድ ለማንበብ ይህ ይበቃ ነበር። ሰው ድረ ገጽ ላይ መገበያየት ሲያምረው ግን አልበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በኔትስኬፕ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ኩኪን ያመጣው ያኔ ነው። ሱፐርማርኬት ስትገቡ ቦርሳችሁን በር ላይ አስረክባችሁ ቁጥር ያለባት ካርድ ትቀበላላችሁ። ካርዷ ላይ ስማችሁ አልተጻፈም፤ ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለም አልተጻፈም። ጠባቂው ግን ቁጥሯን አይቶ ያስረክባችኋል። ኩኪም እንዲሁ ነው። የይለፍ ቃሉ ልክ ሆኖ ሲገኝ ጃንጎ ዳታቤዙ ውስጥ ሴሽን የሚባል አንድ መስመር ይከፍትና የዚያን መስመር መለያ፣ በዕጣ የወጡ 32 ፊደሎችና ቁጥሮች፣ ለብራውዘሩ ይሰጠዋል። ብራውዘሩ ከዚያ ወዲህ በየጥያቄው ያንን መለያ እያሳየ ይመጣል። ቅንብሩን ካልነካችሁት ለ1,209,600 ሰከንድ፣ ማለትም ለ14 ቀን ይቆያል።

በዓይን ማየት ቀላል ነው። ብራውዘሩ ላይ ኤፍ 12 ተጫኑ፤ በክሮም «አፕሊኬሽን»፣ በፋየርፎክስ «ስቶሬጅ» የሚለው ክፍል ውስጥ ኩኪዎቹ ተዘርዝረዋል። «ሴሽንአይዲ» የምትለዋን መስመር ሰርዛችሁ ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉት። «ውጣ» የሚለውን ሳትነኩ ውጭ ናችሁ። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው የሴሽን መስመር ግን አሁንም እዚያው አለ፤ መለያዋን የያዘ ሌላ ሰው ቢመጣ ይቀበለዋል። ኩኪ የሚታይበትን ስክሪንሾት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎ እርዳታ መጠየቅ የማይመከረው ለዚህ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ራንሰርቨር የተነሳበት ተርሚናል ብራውዘሩ የጠየቀውን ሁሉ በአንዳንድ መስመር ይመዘግባል፤ የጥያቄው ዓይነት፣ የገጹ አድራሻ፣ የመልሱ ቁጥር። ሁለት ቁጥሮችን ማወቅ ይበቃል። 200 «እነሆ ገጹ» ማለት ነው፤ 302 ደግሞ «ወደዚያኛው ገጽ ሂድ» ማለት ነው።

የይለፍ ቃሉ የተሳሳተ ከሆነ ቅጹ በተላከበት መስመር ላይ 200 ይታያል። ጃንጎ ያንኑ ቅጽ ከነስህተት መልእክቱ መልሶ አሳየ ማለት ነው። የይለፍ ቃሉ ልክ ከሆነና ሁሉም ነገር ከተሳካ ቅጹ የተላከበት መስመር 302 ይላል፤ ቀጥሎ የአስተዳዳሪው ገጽ ተጠይቆ 200 ይላል። መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ምስጢራዊ ሁኔታ ሲገጥም ግን ሦስት መስመሮች በተከታታይ ታያላችሁ። ቅጹ ተልኮ 302፤ የአስተዳዳሪው ገጽ ተጠይቆ እንደገና 302፤ የመግቢያው ገጽ ተጠይቆ 200። ይህ ሲነበብ፦ ሰርቨሩ «የይለፍ ቃልህ ልክ ነው፣ ወደ ውስጥ ሂድ» አለ፤ ብራውዘሩ ሄደ፤ ሰርቨሩ ግን «ማን ነህ? መጀመሪያ ግባ» ብሎ መለሰው። በሁለቱ መስመሮች መካከል የጠፋው ኩኪው ነው። ስለ ይለፍ ቃሉ የሚደረገው ሙግት እዚህ ላይ ማብቃት አለበት።

ለምን ጠፋ? አንደኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። ለዋናው ሰርቨር ተብሎ «ሴሽን ኩኪ ሴኪዩር» የሚለው ቅንብር ከበራ፣ ኩኪው በተመሰጠረ ኤችቲቲፒኤስ እንጂ በተራ ኤችቲቲፒ እንዳይጓዝ ታዟል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ራንሰርቨር ተራ ኤችቲቲፒ ነው። አንዳንድ ብራውዘሮች ለሎካልሆስት ሲሉ ደንቡን ያላሉለታል፤ ሌሎች አያላሉም። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አንዱ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራው ኮድ ሌላው ላይ አልሠራ የሚለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ሁለተኛው የአድራሻ መደባለቅ ነው። 127.0.0.1ና ሎካልሆስት የሚያደርሱት ወደ አንድ ማሽን ቢሆንም ለብራውዘሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ በአንዱ የተሰጠን ኩኪ ለሌላው አያሳይም። ተርሚናሉ በሰጣችሁ 127.0.0.1 ገብታችሁ፣ ኮዱ ውስጥ ግን አንዱ ሊንክ ሎካልሆስት ብሎ ከተጻፈ፣ እሱን በነካችሁ ቁጥር ትወጣላችሁ። አንዱን መርጦ መጽናት ነው።

ሦስተኛው የዚህ ተቃራኒ ሲሆን እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነው፤ ምክንያቱም ያላወቀውን ሰው ያሳብዳል። ኩኪ የማሽኑን ስም ይለያል እንጂ የፖርት ቁጥሩን አይለይም። የቤተ መጻሕፍቱ ፕሮጀክት 8000 ላይ፣ ሌላ የጃንጎ ፕሮጀክት 8001 ላይ በአንድ ጊዜ ቢነሱ፣ ለብራውዘሩ ሁለቱም ሎካልሆስት ናቸው፤ ሁለቱም ኩኪያቸውን የሚጠሩት «ሴሽንአይዲ» ብለው ነው። በሁለተኛው ስትገቡ የፊተኛው ኩኪ ይደመሰስና በላዩ ይጻፋል። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስትመለሱ ወጥታችኋል። እዚያ ስትገቡ ከሁለተኛው ትወጣላችሁ። ለአንደኛው ፕሮጀክት ሌላ የኩኪ ስም መስጠት ይበቃል። ለጊዜው መገላገል ብቻ ከሆነ የተፈለገው፣ አንዱን በሎካልሆስት ሌላውን በ127.0.0.1 ክፈቱ፤ ቅድም ያሰናከለን ነገር አሁን ይጠቅመናል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ብራውዘሩ በሌላ ጉዳይ ፖርትን አጥብቆ መለየቱ ነው። የፊት ገጹ በሪአክት ተሠርቶ 5173 ላይ፣ ጃንጎው 8000 ላይ ሲሆን ብራውዘሩ ሁለቱን እንደ ባዕዳን ይቆጥራቸዋል። ጃቫስክሪፕቱ ወደ 8000 ሲጠይቅ ኩኪውን ይዞ እንዲሄድ በግልጽ ካልታዘዘ አይይዝም፤ ሰርቨሩም 5173ን በስሙ ጠርቶ ካልፈቀደለት መልሱን ማንበብ አይችልም። «ለሁሉም ፈቅጃለሁ» የሚለው ኮከብ ምልክት ኩኪ ላለበት ጥያቄ አይሠራም። እኔ የምመክረው የፊት ገጹን 5173 ላይ የሚያስነሳው ቪት ራሱ ጥያቄዎቹን ተቀብሎ ወደ 8000 እንዲያሻግር ማዘዝን ነው። ብራውዘሩ የሚያውቀው 5173ን ብቻ ይሆናል፤ ክርክሩም ያበቃል።

ኩኪው ሳይጠፋ ሰርቨሩ የሚረሳበት ጊዜም አለ። ኮዱን አርማችሁ ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር የልማት ሰርቨር ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ጃንጎ ሴሽኑን ዳታቤዝ ላይ ስለሚጽፍ ይህ አይጎዳውም። ኤክስፕረስ ላይ ግን ሴሽኑ ካልተነገረው በቀር የሚቀመጠው በፕሮግራሙ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስተካክላችሁ ሴቭ ስታደርጉ ከገባችሁበት ትወጣላችሁ። ፍላስክ ላይ ምስጢራዊ ቁልፉ ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር በዕጣ እንዲወጣ አድርጎ የሚጽፍ ሰውም ያው ይደርስበታል፤ በትናንቱ ቁልፍ ተፈርሞ የመጣን ኩኪ የዛሬው ቁልፍ አያውቀውም።

በሁለት ታብ የመግቢያውን ገጽ ከፍታችሁ በአንዱ ከገባችሁ በኋላ በሌላው ብትልኩት ደግሞ 403 ታያላችሁ። ይህ ብልሽት አይደለም። ጃንጎ ሰው በገባ ቁጥር ሲኤስአርኤፍ የሚባለውን የቅጽ ማረጋገጫ ይለውጣል፤ ሁለተኛው ታብ የያዘው የቆየውን ነው። ሪፍሬሽ ማድረግ ይበቃዋል።

ከስልክ ለማየት

ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ የሚሠራ ሰው ገጹን ከስልክ ሳያየው ጨርሻለሁ ማለት የለበትም፤ አብዛኛው ተጠቃሚ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስልኩ ላይ ሎካልሆስት ብሎ መጻፍ ግን ስልኩን ራሱን መጥራት ነው። ሰርቨሩ በ0.0.0.0 መነሳት አለበት፤ ያኔ ከኔትወርኩ የሚመጣውንም ይሰማል። ከዚያ ስልኩ ላይ የላፕቶፑን የኔትወርክ አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምረውን፣ ከነፖርቱ መጻፍ ነው። ላፕቶፑ ኔት የሚያገኘው ከራሱ ከስልኩ ሆትስፖት ቢሆንም ይሠራል። ጃንጎ መጀመሪያ 400 ይመልሳል፤ «አላውድ ሆስትስ» የሚለው ዝርዝር ውስጥ ያንን አድራሻ ጨምሩለት። በጉግል መግባት ግን በዚህ መንገድ አይሞከርም፤ ጉግል ከሎካልሆስት በቀር ቁጥር ብቻ የሆነ አድራሻን የመመለሻ አድራሻ አድርጎ አይቀበልም። ካፌ ዋይፋይ ላይ 0.0.0.0ን ከመክፈት ተቆጠቡ። ዲበግ ሲበራ የሚመጣው ያ ቢጫ የስህተት ገጽ የኮዳችሁን ገመና ያወጣል፤ የይለፍ ቃሉም ሳይመሰጠር ነው የሚያልፈው።

ስልክ ላይ ሲደርስ የፊደል ጉዳይ አብሮ ይመጣል። ጃንጎ የተጠቃሚ ስም በግእዝ ፊደል ይቀበላል። «ፀሐይ» ብላ የተመዘገበች ሴት በሌላ ቀን «ጸሀይ» ብላ ብትጽፍ ግን አያውቃትም። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የኢትዮጵያን ፊደል የያዘው ዩኒኮድ ሀን፣ ሐንና ኀን ለየብቻ ስለሚቆጥር፣ ስሟ በፀና በጸ፣ በሦስቱ ሀዎች ብቻ ቢሰላ ስድስት ዓይነት ይጻፋል። ጃንጎ ስም ሲመዘግብ የሚያደርገው ማስተካከያ እነዚህን አንድ አያደርጋቸውም፤ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚመልስ ትንሽ ሠንጠረዥ ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። የይለፍ ቃል በአማርኛ ለሚጽፍ ደግሞ ሌላ ወሰን አለ። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ላራቬል ካልተቀየረ በቀር የሚጠቀምበት ቢክሪፕት የተባለ የይለፍ ቃል ስሌት ከ72 ባይት በላይ አይመለከትም። 24 ፊደል ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ብዙዎች የተጠቃሚ ስሙን ትተው ስልክ ቁጥር ይጠይቃሉ። ጥሩ ነው፤ ግን አንዱ 0911 ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው +251911 ይላል። ከመመዝገቡ በፊት ወደ አንድ መልክ አምጡት። ቁጥሩ በ09 ካልጀመረ ስህተት ነው የሚል የቆየ ኮድ ካለ ፈልጋችሁ አርሙት፤ ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ደንበኛም አለ።

ስልክ ቁጥር ካለ የማረጋገጫ ኮድ አለ። ሎካል ላይ እውነተኛ ኤስኤምኤስ መላክ ገንዘብ ይበላል፤ ኮዱን ተርሚናሉ ላይ መጻፍ ይሻላል። ጃንጎ ለኢሜይል ይህን አዘጋጅቶታል። መላኪያውን ወደ «ኮንሶል» ስትቀይሩት የይለፍ ቃል ማደሻው ደብዳቤ ወደ ማንም ሳይሄድ እዚያው ተርሚናሉ ላይ ይዘረገፋል። ብዙ ቡድኖች ግን 123456 ሁልጊዜ እንዲሠራ አድርገው ይገላገላሉ። እኔ አልወደውም። ተርሚናል ላይ የሚጽፈው ኮድ በስህተት ወደ ዋናው ሰርቨር ቢሄድ ደንበኞች ኮድ አልደረሰንም ብለው ወዲያው ይደውላሉ። 123456 ቢሄድ ማንም አይደውልም፤ ሁሉም ይገባል። የግድ ይኑር ካላችሁ፣ ዲበግ በጠፋበት ሰርቨር ላይ ያች መስመር ከተገኘች ፕሮግራሙ ጨርሶ እንዳይነሳ የሚያደርግ ማረጋገጫ ከሥሯ ጻፉ።